ደጅ ጥናትና እጅ መንሻ

በግቢያችን አንድ ተረት ተደጋግሞ ይጠቀሳል፤ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ»። የሻይ ቤቱ ክርክር የቱንም ያህል ቢጦፍ ይህች ተረት ከተጣለች በኋላ ሁሉም ዝም ይላል። በቃ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሰሞኑን ደግሞ ተረቷ አዲስ ማስረጃ ተገኝቶላታል፤ «ወርቃማ ቪዛ» የሚሉት። ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ ያፈሰሰ ሰው የአውሮፓ መኖሪያ ካርድ ይሰጠዋል፤ ኤርፖርት ላይ ማንም አይጨቀጭቀውም። እኛ ግን ለአንድ ሳምንት ስብሰባ እንኳ ኤምባሲ በር ላይ ስንደርቅ እንውላለን። ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? «ሀብታም መሆን ነዋ!» ይሉናል ወዳጆቻችን።

እኛ ይህን መልስ እንቃወማለን። ቅናት ይዟቸው ነው የሚለን ካለም ይበለን። መልሱ የተሳሳተ መሆኑን ግን ከነማስረጃው እናሳያለን።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንየው። ምሳሌያችን ፖርቱጋል ትሁን፤ ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን። ፖርቱጋል በ2012 መጨረሻ ላይ፣ ዕዳ አንገቷ ድረስ በደረሰባት ወቅት፣ ለውጭ አገር ባለሀብቶች የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥ ደንብ አወጣች። ብዙዎቹ የመረጡት መንገድ በ500 ሺህ ዩሮ ቤት መግዛት ነበር። ፈቃዱን የያዘ ሰው በአገሪቱ ውስጥ እንዲቆይ የሚጠበቅበት በአማካይ በዓመት 7 ቀን ብቻ ነው። ሰባት ቀን! እኛ አገር ለሠርግ የመጣ ዘመድ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይቆያል።

አሁን ወደ ሊዝበን ኤርፖርት እንግባ። ከሸንገን አገሮች ውጭ የመጣ መንገደኛ ከፓስፖርት መቆጣጠሪያው ሲደርስ ሁለት ዓይነት ምልክት ያያል፤ አንዱ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች፣ ሌላው ለሁሉም ፓስፖርቶች። ብዙዎቻችን ባለሀብቱ በመጀመሪያው በኩል ሰተት ብሎ የሚያልፍ ይመስለናል። አይደለም። ካርዱ ነዋሪ አደረገው እንጂ ዜጋ አላደረገውም፤ በደንቡ መሠረት ቦታው ከሁለተኛው ሰልፍ፣ ከእኛው ጋር ነው። ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ ያወጣው ሰውና በብድር ትኬት የቆረጠው ተማሪ ፊትና ኋላ ሆነው ይቆማሉ። ልዩነታቸው የሚታየው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ነው።

ባለሀብቱ ፓስፖርቱንና ካርዱን አንድ ላይ ያቀርባል። ፖሊሱ ካርዱ እውነተኛ መሆኑን፣ ሰውየውም በሚፈለጉ ሰዎች መዝገብ ውስጥ አለመኖሩን ያጣራል። ፖርቱጋል ውስጥ የሚቆይባቸው ቀኖች አይቆጠሩበትም። «ለምን መጣህ? የት ታድራለህ? ስንት ብር ይዘሃል? መቼ ትመለሳለህ?» የሚባለው ለእሱ አይደለም። ተማሪው ግን ይህን ሁሉ ኤምባሲ ላይ አንዴ መልሶ ቪዛ ያገኘ ቢሆንም መስኮቱ ላይ እንደገና ሊጠየቅ ይችላል፤ ቪዛ መያዝ ብቻውን የመግባት መብት አይሰጥም ይላልና የሸንገን ሕግ። የግብዣ ደብዳቤ፣ የማደሪያ ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬት ወዘተ ይቀርባል። ቀኑም ይቆጠርበታል፤ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን ማለፍ የለበትም። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ፊቱን ፎቶ የሚያነሣና መግቢያ መውጫውን የሚመዘግብ መሣሪያ በማኅተሙ ፈንታ ደረጃ በደረጃ ገብቷል። የመኖሪያ ካርድ ያለው ሰው ከዚህም ነጻ ነው።

እንግዲህ የተሸጠው ዕቃ ምንድን ነው? ቤትማ የትም አገር ይሸጣል። እዚህ የተሸጠው አለመጠየቅ ነው። «አንተ ማነህ?» የሚለው የመንግሥት ጥያቄ «ምን አለህ?» በሚል ተለወጠ፤ ያለው መልሱን አስቀድሞ በባንክ ላከ።

የእኛ ወገን ጉዳይስ? በ29 ኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ እንዲወጡ የተወሰነባቸውን ዜጎቿን መልሳ በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም ብሎ፣ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ። ደጋግሞ የሚያስገባውንም ቪዛ አገደ። ጠቡ የመንግሥታት ነው፤ ዱላው ያረፈው ግን በአመልካቹ ጀርባ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር የማመልከቻው ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ አደገ። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

አያቶቻችን ለዚህ ሁሉ ስም ነበራቸው። ጉዳይ ያለበት ድሀ ከጌታው ግቢ በር ላይ ይውላል፣ ሲመሽ ሄዶ በማግሥቱ ይመለሳል፤ ይህ ደጅ ጥናት ነው። ያለው ደግሞ ሙክቱን ወይም ማሩን አስይዞ ይመጣል፤ ይህ እጅ መንሻ ነው። ባለ እጅ መንሻው ቶሎ ይገባል፤ ደጅ ጠኚው ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም የቆሙት በአንድ ጌታ በር ላይ ነው። አንዱ ትዕግሥት ይዟል፣ ሌላው ስጦታ ይዟል፤ መብት የያዘ ግን ከሁለቱ አንድም የለም። ጌታው ፊቱን ባዞረ ቀን ሙክት ያመጣውም ሙክቱን አስረክቦ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ኢንቨስትመንት» የሚለው ቃልም ለእጅ መንሻ የተሰፋለት የክት ልብስ ነው።

ይህን የምንለው ነገር ለማሳመር አይደለም። ፖርቱጋል በኦክቶበር 2023 የቤት ግዢውን መንገድ በሕግ ዘጋች፤ የቤት ችግርና የኪራይ ውድነት ሕዝቡን አስመርሮት ስለነበር። በዚያው ወር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቷን አፍርሳ የድንበሩን ሥራ ለፖሊስ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ሥራ ለአዲስ መሥሪያ ቤት አስተላለፈች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መዝገብ ተከመረ። በዚህ መካከል ብዙ ባለ ካርዶች እድሳት ሲጠብቁ የካርዳቸው ጊዜ አለፈ። መንግሥት ጊዜው ያለፈበት ካርድ ይሠራል ብሎ አወጀ፤ አዋጁ አገር ውስጥ ሠራ። በሌላ አገር ኤርፖርት ያለው ፖሊስ ግን የፖርቱጋልን አዋጅ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ የሚያየው ካርዱ ላይ የታተመውን ቀን ነው። ላለመጠየቅ የከፈለው ሰው ይኸው መጠየቅ ጀመረ! «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሏል ይህ ነው።

ብሪታንያ የባለሀብት ቪዛዋን በፌብሩዋሪ 2022 ዘጋች። አየርላንድ በ2023 ተከተለች። ስፔን በኤፕሪል 2025 ዘጋች። በዚያው ወር የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ማልታ ዜግነትን በገንዘብ መስጠቷ የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል ሲል ፈረደ። «በሰማይ መንገድ አለ» የምትሉን ወዳጆቻችን ሆይ፣ መንገዱስ ይኑር፤ ግን የማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

የዚያኑ ጌታ ሌላኛውን እጅ ደግሞ እንመልከት። በማርች 2020 ኢሆር ሆመኒዩክ የተባለ ዩክሬናዊ ሊዝበን ኤርፖርት ደረሰ። እንዳይገባ ተከለከለና እዚያው ኤርፖርቱ ውስጥ ባለው ማቆያ ተያዘ። በማቆያው ተደብድቦ፣ እጁ እንደታሰረ ሞተ። በ2021 ሦስት የኢሚግሬሽን ተቆጣጣሪዎች ተፈርዶባቸው የእሥር ቅጣት ተጣለባቸው። ተቆጣጣሪዎቹ የሚሠሩበት ያ በኋላ የፈረሰው መሥሪያ ቤት የባለሀብቶቹን ወርቃማ ካርድ የሚሰጥም ነበር። አንድ ማኅተም፣ አንድ ባንዲራ፣ ሁለት እጅ! በአንዱ ካርድ ያድላል፣ በሌላው ይደበድባል። ሁሉም የድንበር ፖሊስ ነፍሰ ገዳይ ነው አንልም። ነገር ግን መብት በሌለበት መስኮት ፊት የሰው ዕድል በፖሊሱ ጠባይ ላይ ይወድቃል እንላለን።

የሚያስገርመው የኤርፖርቱ ስም ነው። ከ2016 ጀምሮ የሚጠራው በጄኔራል ኡምቤርቶ ዴልጋዶ ስም ነው። ጄኔራሉ በ1958 የሳላዛርን እጩ በምርጫ ተገዳድሮ፣ ተሰድዶ፣ በፌብሩዋሪ 1965 በስፔን ድንበር አቅራቢያ በፖርቱጋል ምስጢር ፖሊሶች የተገደለ ሰው ነው። በዚያው ዘመን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ፖርቱጋላውያን ያለ ፈቃድ፣ ብዙዎቹም በእግራቸው ተራራ አቋርጠው፣ ፈረንሳይ ገብተዋል፤ በፓሪስ ዙሪያ በቆርቆሮ ሰፈር ጭቃ ውስጥ ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች ግማሽ ሚሊዮን አልነበራቸውም፤ ጉልበት ነበራቸው። የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች አገር ዛሬ ሰውን በኪሱ ስትመዝን ማየት ያሳዝናል። ይህን ለፖርቱጋል ሕዝብ እንደ ስድብ አንናገረውም፤ የኪራዩን ዋጋ የከፈለው እሱው ነውና።

ተቃዋሚዎቻችን ሁለት ጥይት አላቸው። አንደኛው «ባለሀብቱ ሥራ ይፈጥራል» የሚለው ነው። ከ2012 እስከ 2023 ፖርቱጋል ለዋና አመልካቾች ከ12 ሺህ በላይ እንዲህ ያለ ፈቃድ ሰጥታለች። ሥራ በመፍጠር የተገኙት ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞሉም። አብዛኛው ቤት ገዝቶ ቆልፎ ወይም አከራይቶ የሄደ ነው። ሁለተኛው ጥይት «ማንኛውም አገር የሚገባውን የመምረጥ ሥልጣን አለው» የሚለው ነው። እንስማማለን። አገር ይምረጥ፤ ግን በምን ሚዛን? በዓመት ሰባት ቀን የሚያድረውን ነዋሪ ብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳሕን የሚያጥበውን፣ አሮጊት የሚጦረውን ሠራተኛ በር ላይ የሚያስቆም ሚዛን የነዋሪነት ሚዛን ሊሆን አይችልም።

የሰውን ደጅ ስናይ የራሳችንን እንዳንረሳ። የእኛ የኢንቨስትመንት አዋጅ፣ ቁጥር 1180/2020፣ ብቻውን የሚሠራ የውጭ ባለሀብት በአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር እንዲያስገባ ይጠይቃል። ፋብሪካ የሚተክለውን አንጠላም፤ ይምጣ። በጁን 2025 ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅደውን ሕግ አጽድቋል። ሊዝበን ውስጥ የቤት ገበያውና የመኖሪያ ፈቃዱ ሲጋቡ ምን እንደተወለደ አይተናል። ነገ ቦሌ ላይ ሁለቱ እንዳይጋቡ ከአሁኑ መናገር አለብን። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን ያላነሱ ስደተኞች ይኖራሉ። የ2019ኙ የስደተኞች አዋጅ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት በወረቀት ሰጥቷቸዋል። የኛም መስኮት ለባለ ዶላሩ «እንኳን ደህና መጡ»፣ ለጋምቤላው ስደተኛ «ቆይ ጠብቅ» የሚል ከሆነ ሊዝበንን ለመውቀስ ምን አፍ ይኖረናል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ቪዛ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ተብራርቶ ይነገረው፤ በቅጽ ላይ ምልክት የተደረገባት ሳጥን ምክንያት አትባልም። ለተከለከለ ቪዛ የተከፈለ ገንዘብ ይመለስ። ኤርፖርት ላይ የተያዘ ሰው ጠበቃና ስልክ ያግኝ፤ ብቻውን አይተው። የመኖሪያ ፈቃድም በአገሩ ውስጥ በኖሩት፣ በሠሩት፣ በተማሩት ይመዘን። ይህ ሲሆን ባለሀብቱም ይጠቀማል፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አይደነግጥም።

«ሀብታም ሁንና ግባ» የሚለው ምክር ሰልፉን አያሳጥረውም። ከመካከላችን አንዱ ቢሳካለትና እጅ መንሻውን ይዞ ቢያልፍ ሌሎቻችን ያው እዚያው ነን፤ እሱም የሚያልፈው እስከ ቀጣዩ አዋጅ ድረስ ነው። እኛ የምንፈልገው ሙክት ተጎታችም ሆነ ደጅ ጠኚ የማይኖርበት በር ነው። ይህ ሕልም ነው የሚል ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ የሚቀጥለው እትም ለእሱም ክፍት ነው። ተረት ብቻ ይዞ እንዳይመጣ ግን እንለምነዋለን።