ላዛኛው ይግባ፣ ባንዲራው ይቅር

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄና የወንድሜ ልጆች ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ወረቀት በመቀስ ይቆርጡ ነበር። እናቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ ቆማ አየቻቸው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«የጣሊያን ባንዲራ ነው እማማ። ለእራቱ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን።»

እናቴ ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰችና በሩን ዘጋችው። እናቴ በቀን በሯን ዘግታ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ በደርግ ጊዜ ሮም ወጥታ፣ ሰው ቤት እየሠራች ልጅ አሳድጋ እዚያው ቀርታለች። ልጇ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ወንዱ 9፣ ሴቷ 6 ዓመታቸው ነው። ታኅሣሥ 12 መጥተው ገናን ከእኛ ጋር ኦሎምፒያ ያሳልፋሉ። ሕፃናቱ አገራቸውን ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ወንዱ ልጅ በስልክ «ቅድመ አያቴ ላዛኛ ትችላለች?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ በቤታችን «የጣሊያን እራት» የሚባል ነገር ተወለደ።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችሁ ባሕር ማዶ የልጅ ልጅ አላችሁ። ልጆቹ ሲመጡ የእኛን ምግብ እንዲወዱልን እንመኛለን፤ ግን የለመዱትን አንድ ቀን አብስሎ ማቅረብም ፍቅር ነው። ስለዚህ ያሰብኩትን ዕቅድ እነግራችኋለሁ፤ ቀጥሎም በዚያ በተዘጋው በር ጀርባ የሰማሁትን።

ቀኑን መምረጥ

የጣሊያኖች ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ነው። ያ ቀን ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ የምንጾመው የነቢያት ጾም መሐል ላይ ይውላል። ስለዚህ በዚያ ቀን ሥጋና ፎርማጆ ቤታችን አይገባም። ልጆቹ ግን ገናቸው ዝም ብሎ እንዲያልፍ አልፈለግሁም። መፍትሔው ለሁለት መክፈል ነው፦ ታኅሣሥ 16 የጾም ፓስታ፣ ላዛኛው ደግሞ በእኛ ገና ማግስት። ለነገሩ ጣሊያኖችም በገናቸው ዋዜማ ማታ ሥጋ አይበሉም፤ በዓሣ ነው የሚያመሹት። ልጆቹ ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንባቸውም።

ገና የዶሮ ወጥ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ከዶሮ ጋር የሚፎካከር ምግብ ማቅረብ ትርፉ ጠብ ነው። በማግስቱ ግን ሁሉም ሰው ቅቤና በርበሬ ይሰለቸዋል፣ ለየት ያለ ነገር ያምረዋል። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ስለሚውል ማግስቱ ሐሙስ ነው፤ ይበላል። ማግስቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ በሚሆንበት ዓመት ግን እራቱን አንድ ቀን ማሳለፍ ነው።

የጾሙ ፓስታ

ይህ ቀላል ነው። ለአንድ አዋቂ 100 ግራም ፓስታ ያዙ፤ ለእያንዳንዱ 100 ግራም አንድ ሊትር ውኃና 10 ግራም ያህል ጨው። ስምንት ሰው ካለ ስምንት ሊትር የሚችል ድስት ያስፈልጋል፤ የበዓል ድስታችን ይበቃል። ትንሽ ውኃ ውስጥ የተቀቀለ ፓስታ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ውኃው ሳይንተከተክ ፓስታውን አታስገቡ፤ ፓስታው ሙሉ በሙሉ ሳይልም፣ ሲነክሱት መሐሉ ትንሽ ጠንከር እንዳለ አውጡት። ከመቀቀያው ውኃ አንድ ጭልፋ አስቀሩ።

በሌላ መጥበሻ ዘይት ውስጥ በስሱ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት በቀስታ አብስሉ። ነጭ ሽንኩርቱ ከጠቆረ ይመራል፣ ስለዚህ እሳቱን አታብዙ። ቃሪያ፣ የተከተፈ ቲማቲምና በሶብላ ጨምሩ፤ ፓስታውን ከዚያ ጭልፋ ውኃ ጋር አስገብታችሁ አገላብጡት። ውኃው ውስጥ የቀረው የፓስታው ዱቄት ዘይቱንና ቲማቲሙን ያያይዘዋል። ጣሊያኖች በእንጀራ አይበሉትም፤ እናቴ ግን ትበላለች፣ ማንም አይከለክላትም።

ላዛኛው

የእኛ ቤት ሰው በዚያ ማታ 12 ይሆናል። ለዚህ ሁለት መካከለኛ ትሪ ላዛኛ ይበቃል፦ ግማሽ ኪሎ የላዛኛ ቅጠል፣ አንድ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ቲማቲም፣ ሁለት ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሦስት ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ 400 ግራም ፎርማጆ። ለነጩ መረቅ አንድ ሊትር ተኩል ወተት፣ 150 ግራም የገበታ ቅቤና 150 ግራም ዱቄት። የእኛን የተነጠረ ቅቤ አታስገቡ፤ ኮረሪማው ሁሉን ነገር ክትፎ ክትፎ ያሰኘዋል።

ሥራውን በቀን ከፋፍሉት። ዕቃው ከገና ሦስት ቀን አስቀድሞ ይገዛ፤ በዋዜማው ገበያ መግባት ቅጣት ነው። የሥጋው ስጎ በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ቡና ላይ ሳለ፣ በትንሽ እሳት ሁለት ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ከበዓሉ በፊት አትሥሩት፤ የጾመ ሰው ጨውን መቅመስ አይችልም። በማግስቱ ጠዋት ነጩን መረቅ ሠርታችሁ ትሪው ውስጥ ደርድሩት፦ ስጎ፣ ቅጠል፣ ነጭ መረቅ፣ ፎርማጆ፣ እንደገና ስጎ። የመጨረሻው ላይ ፎርማጆ ይብዛ። ምድጃው 180 ዲግሪ ሲደርስ ለ40 ደቂቃ ያህል ይቆይ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ምሽት ድረስ አትጠብቁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ጋግራችሁ ሸፍኑት፣ ማታ ይሞቃል። ከምድጃ እንደወጣ አትቁረጡት፤ ሩብ ሰዓት ካላረፈ ሳህን ላይ ይፈሳል። ከጎኑ ሰላጣ በቂ ነው። ጣሊያኖች በገና ፓኔቶኔ የሚባል ዘቢብ ያለው ጣፋጭ ዳቦ ይቆርሳሉ፤ እኛ ድፎ ዳቦ እንቆርሳለን።

ሕፃናቱንም ሥራ አስይዟቸው። እኔ ያሰብኩት ጨዋታ ከአማርኛችን ውስጥ የጣሊያንኛ ቃል ማደን ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ፋብሪካ፣ ጋዜጣ። የሮሞቹ ልጆች ከእኛዎቹ ቀድመው ያውቋቸዋል፤ እንግዳ መሆናቸውንም ለአንድ ማታ ይረሱታል።

ከተዘጋው በር ጀርባ

ማታ ሻይ ይዤ እናቴ ዘንድ ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ 82 ዓመቷ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረችው ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ ባለፈው ዓመት ለልማት ሲነሳ ጎረቤቶቿ ተበታተኑ፣ እሷ እኛ ዘንድ ኦሎምፒያ መጣች። ከቤቷ ይዛ ከመጣቻቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ጠርዙ የተጎዳ የድሮ የላዛኛ ትሪ ነው። ለምን እንዳልጣለችው ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ካዛንቺስ ስሙ ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ በወረራው ዘመን እዚያ የተሠሩት ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ። እኛ አፋችን እንደመራን ካዛንቺስ አልነው።

እናቴ ሻይዋን ሳትነካ ተናገረች። የአባቷ ታላቅ ወንድም የካቲት 12 ቀን 1929 ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ድሃ በተጠራበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ ተኩሱ ተጀመረ፤ ግድያው ሦስት ቀን ቆየ። አገራችን ለዓለም ያስታወቀችው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። የአጎቷ አስከሬን አልተገኘም።

«ይህን አውቃለሁ እማዬ» አልኳት።

«ይህን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ሌላ ነው።»

በ15 ዓመቷ ካዛንቺስ አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ቤት ተቀጠረች። ላዛኛ የተማረችው እዚያ ነው። አባቷ ቢከፋቸውም ችግር ነበርና ዝም አሉ። የመጀመሪያው ፋሲካ ሲደርስ ሲኞራዋ ላዛኛ በሳህን ሸፍና «ለቤተሰብሽ» ብላ ሰጠቻት። አባቷ ሳህኑን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ሸፈኑት። «ደሞዙ የላብሽ ነው፣ እንበላዋለን። ይህን ግን እኔ አልችልም፤ መልሽላቸው» አሏት።

«መልሼ ልሰጣት አፈርኩ» አለች እናቴ። «መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም በላሁት። እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰለሽ! ይኸው እስከ ዛሬ የሚበላኝ መብላቴ አይደለም፤ መጣፈጡ ነው።»

ሻይው ቀዘቀዘ። የምናገረው አጣሁ። ይህችው ሴት ስንት ጊዜ ፓስታ በስጎ አብልታናለች፤ ላዛኛ ግን እቤታችን አንድ ቀን እንኳ ሠርታ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እራቱን እንተወው» አልኳት።

«ለምን? ልጁ እኔን አይደል የጠየቀው? እኔ እሠራዋለሁ። ባንዲራውን ግን አንሱልኝ።»

እናም እንዲህ ተስማማን። እራቱ የምግብ እንጂ የባንዲራ አይሆንም። ለሠርግና ለልደት ግድግዳ ማስዋብ የለመዱ ልጆቻችን «ጭብጥ» ይሉታል፤ ክፋት አስበው አይደለም። ግን የአንድ አገር ምግብ ጠረጴዛ ላይ ማቅረብና ባንዲራውን ግድግዳ ላይ መስቀል አንድ አይደሉም። ቤታችሁ ውስጥ ያ ቀለም የሚያመው ሰው ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

ሁለተኛው ስምምነት ልጆቹን ይመለከታል። ስለ የካቲት 12 ይነገራቸው? እናቴ ይነገራቸው አለች፤ እኔም ተስማማሁ። ግን እራቱ ላይ አይደለም። የሐዘንን ወሬ ከልጅ የበዓል ምግብ ጋር መደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል። ከገና በፊት አንድ ጠዋት እናቴና እኔ ይዘናቸው ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ዘንድ እንሄዳለን። ለ9 ዓመቱ ስም፣ ቦታና ቀን ይነገረዋል። ለ6 ዓመቷ «የአባቴ ወንድም እዚህ ቀርቷል» ማለት ይበቃታል፤ የቀረውን ስታድግ ትጠይቃለች።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። እነዚህ ልጆች መምህራቸው ጣሊያናዊት ናት፣ የሚጫወቱት ከጣሊያን ልጆች ጋር ነው። ከሐውልቱ ሲመለሱ ጓደኞቻቸውን እንዲፈሩ አንፈልግም። ስለዚህ ሌላውንም ወገን እንነግራቸዋለን። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዋል፤ ብዙ ጣሊያኖችም እዚሁ ቀርተው ጋራዥ፣ ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት ከፍተዋል። ፒያሳ ላይ ለአሥርት ዓመታት የታወቀው ካስቴሊ ከእነሱ ወገን ነው። የአባትን ሕመም ማወቅና የሰው ልጅን አለመጥላት አንድ ላይ እንደሚሄዱ ልጅ የሚማረው ከትልቅ ሰው አፍ ነው።

ትናንት ልምምድ አደረግን። እኛ ጾመኞች ስለሆንን ቀማሿ ጾሙን ያልያዘች ጎረቤታችን ነበረች። እኔ ነጩን መረቅ ሠራሁ፤ ወተቱን በአንድ ጊዜ ስለጨመርኩበት ዱቄቱ ተጓጎለ። እናቴ ድስቱን አየችና «ይህ ላዛኛ ሳይሆን የአራስ አጥሚት ነው፤ ተነሺ» ብላ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደች። ቅቤውን አቀለጠች፣ ዱቄቱን አንድ ደቂቃ አበሰለች፣ ወተቱን ጥቂት በጥቂት እያፈሰሰች ያለማቋረጥ አማሰለች። ካዛንቺስን ከለቀቀች ወዲህ በእኔ ማድ ቤት ምድጃ ፊት እንደ ባለቤት ስትቆም ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የድሮውን ትሪ አጥባ አስቀምጣዋለች። ልጆቹ የቆረጡትን ወረቀት ለሌላ ነገር አዋሉት፤ ነጩ ለሰላምታ ካርድ ሆነ። ታኅሣሥ 30 ማታ ጠረጴዛችን ላይ የአባቷ ድርሻ አንድ ሳህን ለብቻው ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አይ» አለች፣ «እሱ አልችልም ብሏል። እንዳለው ይሁንለት። እኔ ግን ዘንድሮ ቁጭ ብዬ፣ ከሰው ጋር እበላለሁ።»

በሰላም ለብርሃነ ልደቱ ያድርሳችሁ።