የዛገ ላሜራ፣ ኮፒ ፓራፋንጎ እና ስቱኮ

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ቮልስዋገን የሚነዳ ሰው፣ ክረምቱ አልፎ መኪናውን ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የዛገውን ኦርጅናል ላሜራ ላስጠግን ወይስ ተመሳስሎ የተሠራውን አዲስ ልግዛ? እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ጋራዥ ለጋራዥ ዞሬያለሁ። መኪናዋ የአባቴ ነበረች፤ በደርግ ዘመን ከአዲስ አበባ ገዝቶ አምጥቷት እስከ ዕለተ ሞቱ ነድቷታል። አሁን የሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች ጠርዝና ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ወለል በዝገት ተበልቷል።

የጣና ውኃ ጨው የለበትም። እንደ ምፅዋ ወይም ጅቡቲ የባሕር ነፋስ ብረት አይበላብንም። የእኛ ጠላት የክረምቱ ዝናብ፣ በፓራፋንጎ ውስጥ ተጠራቅሞ የማይደርቀው ጭቃና በቮልስዋገን ላይ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር የተቀመጠው ባትሪ ነው፤ አሲዱ ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላዋል።

ጉዳዩ የጥቂት ቅንጡ ሰዎች ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱባት መኪና እንደመሆኗ ቮልስዋገን በእርግጥ ታሪክ አላት። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ታሪኳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ፣ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ በመንገዳችን ላይ ያለው አሮጌ ላሜራ፣ ቮልስዋገንም ሆነ ኮሮላ፣ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ግድ ነው ማለት ነው።

ኮፒው የሚገኘው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ እኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ የተዘጋባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። ዕቃው ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ኮፒዎች ብረታቸው የሳሳ ነው፤ ቅርጻቸው ከርቀት ሲያዩት ያው ነው፣ ሲገጥሙት ግን የቡሎን ቀዳዳው አይገናኝም። ይህን ስል ኮፒ ሁሉ የማይረባ ነው ማለቴ አይደለም። የቮልስዋገን አራቱም ፓራፋንጎዎች በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ ፈትቶ መቀየር ይቻላል፣ ነገ ኦርጅናል ቢገኝም መመለስ ይቻላል። ወለሉና በበሮቹ ሥር የሚያልፈው የማሞቂያ አየር ቱቦ ግን ሌላ ነገር ነው። ቱቦው የመኪናዋን አካል የሚሸከም ጭምር ስለሆነ እዚያ ላይ የሚሠራ ስህተት ከመልክ አልፎ ለሕይወት ያሰጋል።

ዓለም አቀፉ የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የቱሪን ቻርተር በሚባለው ሰነዱ ከመተካት ይልቅ ማቆየትን ይመክራል። መልካም ምክር ነው፤ የእኔዋ መኪና ግን ገበያ ደርሳ መመለስ አለባት።

ደግሞም በእኛ ከተማ የኦርጅናሉ እውነተኛ ተፎካካሪ ኮፒው አይደለም፣ ስቱኮ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ የግራውን በር ሥር አድሶ አስረከበኝ። ቀለሙ መስታወት ይመስል ነበር። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ቀለሙ አበጠ፤ በጣቴ ብጫነው ወደ ውስጥ ገባ። ከሥሩ ብረት የሚባል አልነበረም፤ የዛገው ሳይቆረጥ በስቱኮ ተሞልቶ ነበር። ስቱኮ ለስስ ጎድጓዳ የተሠራ ነው፣ ቀዳዳ ለመድፈን አይደለም። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል።

በአንጻሩ ጥሩ የባትላሜራ ባለሙያ ዝገቱን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ ያወጣል፤ በውፍረቱ እኩል የሆነ ላሜራ ይቀርጻል፤ ሙቀቱ እንዳያጣምመው ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበይዳል፤ ከዚያ በመዶሻ ያስተካክላል። ይህ የቀናት ሥራ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የብረታ ብረት ሥራ ያስተምር ነበር፤ በዚህች ከተማ የእጅ ሙያ እንግዳ አይደለም። አሁን መኪናዬን የያዙልኝ አዛውንት ግን ረዳት የላቸውም። ወጣቶቹ የባጃጅ ጥገና ላይ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም፣ ባጃጅ ጠዋት ገብቶ ማታ ገንዘብ ሆኖ ይወጣል። ላሜራ ቀጥቅጦ ለማስተካከል የሚከፈለው ዋጋ ግን ከኮፒው ዋጋ ጋር አብሮ አላደገም። ደንበኛው ከውጭ ለመጣ ብረት እጥፍ ሲከፍል አያጉረመርምም፤ ከእጅ ዋጋ ላይ ግን ይከራከራል። እኔም ተከራክሬ ነበር።

በመጨረሻ ወለሉና የግራው ፓራፋንጎ በእጅ ተጠገኑ። የቀኙ ግን የሚበየድበት ጤነኛ ብረት አልተረፈውምና ኮፒ አስመጣሁ። ሁለቱ የቡሎን ቀዳዳዎች አልገጠሙም፤ አዛውንቱ ምንም ሳይሉ ሞረዳቸውን አነሡ።