የባቡር ሠራተኛው ቤት

የቀድሞ ዘመን ሥራ በተነሣ ጊዜ የሰው ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ላይ ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አገርን ያቀናው ንጉሥና ካህን ብቻ ስላልሆነ፥ መዶሻ ይዞ የኖረው ሠራተኛ ያደረበት ቤት ከታሪክ መዝገብ ሊፋቅ አይገባውም። ለዚህም የድሬዳዋ ከተማ የከዚራ ሰፈር በቂ ምስክር ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር እንዲሠራ ከፈቀዱ በኋላ፥ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ሜዳ ላይ ደረሰ። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሐዲዱ በዚያ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ጣቢያና የመጠገኛ ፋብሪካ ተተከለ፤ በደቻቱ ወንዝ አንድ ወገንም መንገዱ በቀጥታ መስመር ተተልሞ ለባቡሩ ሰዎች ቤት ተሠራ። ማዶው መጋላ ግን በገበያተኛውና በነዋሪው እጅ አደገ። የኩባንያው ከፍተኛ ሥራ በፈረንጆች እጅ በነበረበት በዚያ ዘመን ማን በየት ይኖር እንደ ነበር የሁለቱ ሰፈሮች መልክ ዛሬም ይናገራል።

አሁን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል፤ የድሬዳዋ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ቤቶቹን ያቆማቸው ሥራ እንዲህ ከአጠገባቸው ሲርቅ የሚያስብላቸው እንዳይጠፋ ያሰጋል።

ሕዝብ ሲበዛ አዲስ ቤት ያስፈልጋል፤ አሮጌውን መጠገንም ወጪ አለው፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመጠበቅ ግዴታ በባለይዞታው ላይ ጥሏል። ነገር ግን ያልተመዘገበን ቤት ሕግ ሊያውቀው ያስቸግራል። ስለዚህ የማፍረስ ፈቃድ ከመሰጠቱ አስቀድሞ እያንዳንዱ ቤት ይመርመር፥ ይመዝገብ። ሰው የሌለበት ቤት ፈጥኖ ስለሚወድቅ፥ ነዋሪው በውስጡ እየኖረ መልኩን ሳይለውጥ እንዲጠግነው ይረዳ። ያረጁት የባቡር ሠራተኞችም በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ ቤት ቢፈርስ ድንጋዩ ይቀራል፥ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ግን ነገሩ አብሮት ይቀበራል።