ዋሱ ማነው?

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ነው። እኔም እንዲሁ ለማድረግ አስቤ ነበር። ነገር ግን ዛሬ በእኛ በተማሪዎች መካከል ከትምህርት ይልቅ የሚወራለት ነገር ስላለ፣ እርሱን ትቶ ስለ ሌላ መጻፍ ከእውነት መሸሽ መስሎ ታየኝ። ይኸውም ክሪፕቶ የሚባለው ገንዘብና በዚሁ ገንዘብ በስልክ የሚካሄደው ቁማር ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወላጆቼ የሚኖሩት በአንኮበር ገጠር ነው፤ እኔ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ስንቅ እየተላከልኝ እማራለሁ። ባለፈው ዓመት አባቴ በግ ሸጠው ለቤት ኪራይና ለደብተር 6,000 ብር ላኩልኝ። እኔ ግን በቴሌግራም የተዋወቅሁት ሰው እንዳሳየኝ ገንዘቡን ወደ ክሪፕቶ አስለውጬ ለአንድ የቁማር ቤት አስገባሁ። በሦስት ቀን ውስጥ በስልኬ ላይ ያለው ቁጥር እጥፍ ሆነ። ላወጣ ስል «አስቀድመህ ግብር ክፈል» ተባልሁ። ከጓደኛዬ ተበድሬ ከፈልሁ፤ ሌላ ክፍያ ተጠየቅሁ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡም ሰውየውም ጠፉ።

ለአባቴ ስነግራቸው እንደ ፈራሁት አልተቈጡም። «ልጄ፣ ዕቁብ እንኳ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም። የዚህ ዋሱ ማን ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ጥያቄ ነው።

ገንዘብን መመርመር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአንኮበር ቍልቍል ባለው በአልዩ አምባ ገበያ፣ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ይዘዋወር ነበር። በጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ናት። ከሞተችም በኋላ ብሩ 1780 የሚለውን የፈረንጅ ዘመን እንደ ያዘ ይመታ ነበር። አያቶቻችን ንግሥቲቱን አያውቋትም። ብሩን ግን በዘውዷና በጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር። የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር በወጣ ጊዜም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ነጠብጣብ ቈጥሮ ሲገበያይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የተማርን እኛ ምንም ሳንቈጥር መስጠታችን አያሳፍርምን?

አንዳንድ ጓደኞቼ «ቢትኮይን እኮ አይታለልም» ይሉኛል። የሚሉት ከፊሉ እውነት ነው። ቢትኮይን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል፤ መዝገቡም በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ስለሚገኝ አንድ ሰው ሊፍቀው አይችልም። ነገር ግን የመዝገቡ ታማኝነት የበረኛውን ታማኝነት አያረጋግጥም። ኤፍ ቲ ኤክስ የተባለው ታላቅ የክሪፕቶ መገበያያ በ2015 ዓ.ም. ሲወድቅ መዝገቡ ደኅና ነበር፤ የጠፋው ለድርጅቱ በአደራ የተሰጠው የደንበኞች ገንዘብ ነው። መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድም በ2016 ዓ.ም. የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ደግሞም አንድ ጊዜ የተላከ ክሪፕቶ በስሕተትም ሆነ በማታለል ቢሄድ የሚመልሰው ባንክ የለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ለዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ዕውቅና እንዳልሰጠ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። እንግዲህ ብንታለል ወደ ማን እንጮኻለን?

ሐምስተር ኮምባት የሚባለውንም ጨዋታ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስንቶቻችን ነን ሌሊት ሌሊት የስልካችንን መስተዋት ስንነካ የከረምን! ሳንቲሙ ለገበያ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልክ በደመራ ዕለት ነበር። ያን ዕለት የአንዱ ዋጋ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ሆነ። ብዙዎቻችን ለወራት ድካማችን ያገኘነው ጥቂት ዶላር ነው። ገንዘብ አልከፈልንም፤ ጊዜያችንን ግን ከፍለናል።

ስለ ቁማሩ ደግሞ ሒሳቡን እንይ። ሩሌት በሚባለው ጨዋታ 37 ቤቶች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ 10 ብር ብናስቀምጥ 370 ብር እናወጣለን። ከቤቶቹ አንዱ ሲያሸንፍ የሚመለስልን 360 ብር ብቻ ነው። ቁማር ቤቱ ምንም ሳያጭበረብር እንኳ 10 ብር ይቀርለታል። ሐቀኛው እንዲህ ከሆነ፣ ፊቱን አይተነው የማናውቀው ምን ያህል ይወስድብን?

ስለዚህ፣ ጓደኞቼ ሆይ፣ ገንዘብ ከመላካችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ገንዘቡን የሚይዘው ማነው? ቢክደኝ የት እከሰዋለሁ? ትርፉስ ከማን ኪስ ነው የሚመጣው? ለአንዱም መልስ ካጣን እጃችንን እንሰብስብ።

ክቡራን መምህራን፣ ስልካችንን መቀማት ብቻውን አይበቃም፤ ከላይ ያለውን ሒሳብ በክፍል ውስጥ ብታስተምሩን የበለጠ ይጠቅመናል። ክቡራን ወላጆች፣ ልጃችሁ ጥፋቱን ሊነግራችሁ ሲመጣ አስቀድማችሁ ስሙት። የሚያፍር ልጅ የጠፋውን ለመመለስ ሲል ሌላ ያጠፋል፤ እኔ ግብር የተባለውን የከፈልሁት በድፍረት ሳይሆን በዕፍረት ነው።

የጓደኛዬን ብድር ከፍያለሁ። የአባቴን በግ ግን ገና አልመለስሁም። በመጪው ክረምት ለሰው ገብስ እያረምሁ የማገኘውን ላስረክባቸው ቃል ገብቻለሁ። ለዚህ ቃሌ ዋስ የጠራሁት እናቴን ነው።