የነፍሰ ጡር እናት ወተት፦ ተበላሸ ወይስ ቀነሰ?

አንዲት እናት የዓመት ተኩል ልጇን እያጠባች ሳለ ዳግመኛ መፀነሷ ሲታወቅ፣ በብዙ ቤት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። «ወተቱ ተበላሽቷል፤ ልጁን ያሳምመዋል፤ በሆድ ያለውንም ይጎዳዋል» ይባላል። ከዚያም በጡቷ ጫፍ ላይ እሬት ይቀባል፤ ሕፃኑም በአንዲት ጀምበር ከለመደው ምግብ ይለያል። ይህን የሚመክሩ አያቶችና ጎረቤቶች ክፋት አስበው አይደለም። የሚፈልጉት ጽንሱንም፣ ገና ድክ ድክ የሚለውን ሕፃንም ለማዳን ነው። ሆኖም በጎ አሳብ ብቻውን ልጅን ከጉዳት አይጠብቅም፤ እውቀት ሊታከልበት ይገባል። በዚህ ጸሐፊ እምነት «ተበላሸ» የሚለው ቃል ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው ቃል «ቀነሰ» ነው። የሁለቱ ቃላት ልዩነት ደግሞ ከቋንቋ ጉዳይ አልፎ የአንድን ሕፃን ጤና የሚነካ ነው።

ይህን ለመረዳት በቅድሚያ ወደ ምዕራብ አፍሪካ መለስ እንበል። ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባሉት በጃማይካ የተወለዱ ሐኪም፣ ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬዪቱ ጋና ሲሠሩ፣ እግራቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው የሚላጥና የጠጉራቸው ቀለም የተለወጠ ሕፃናትን ደጋግመው ተመለከቱ። ሕፃናቱ ጡት ከጣሉ በኋላ የሚመገቡት በአብዛኛው ከበቆሎ የተዘጋጀ ምግብ ነበር። ሐኪሟ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ በሽታው ጻፉ፤ በ1935 ደግሞ የአካባቢው የጋ ሕዝብ በሚጠራበት ስም «ክዋሺኦርኮር» ብለው ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁት። የስሙ ትርጉም፣ ታናሹ ሲመጣ ከስፍራው የተነሣውን ታላቅ ልጅ የሚይዝ ሕመም እንደ ማለት ነው። የጋ እናቶች በሽታውን የሰየሙት በእብጠቱ ሳይሆን ሕፃኑ በቤቱ ውስጥ ባጣው ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬ በሽታው ከፕሮቲን እጥረት ብቻ የሚመነጭ እንዳልሆነ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ቢሆንም ጡት ድንገት ተነጥቆ በምትኩ በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ለከባድ አደጋ የተጋለጠ መሆኑ አላከራከረም።

ለመሆኑ በነፍሰ ጡር እናት ጡት ውስጥ ምን ይካሄዳል? በእርግዝና ወቅት ፕሮጄስትሮንና ኤስትሮጅን የተባሉት ሆርሞኖች መጠናቸው በእጅጉ ይጨምራል። በተለይ ፕሮጄስትሮን የጡት ዕጢዎች ወተት በብዛት እንዳያመነጩ ይገታል። በዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ገደማ የወተቱ መጠን ጎልቶ ይቀንሳል። በውስጡ ያለው ስኳር አነስ ብሎ ጨውና ፕሮቲኑ ስለሚጨምሩ ጣዕሙም ይለወጣል። በመጨረሻዎቹ ወራት ወተቱ እየወፈረ ወደ እንገርነት ይቀየራል። አንዳንድ ሕፃናት በራሳቸው ፈቃድ ጡት የሚተዉት በዚህ ለውጥ የተነሣ ነው። እናት «ልጄ ጡቴን ጠላ» ስትል ያየችው ነገር እውነት ነው፤ ስሕተቱ ያለው ለውጡን እንደ መመረዝ መቁጠሩ ላይ ነው። በዚህ ወተት ውስጥ ልጅን የሚያሳምም መርዝ የለም።

ሁለተኛው ሥጋት ጽንሱን የሚመለከት ነው። ሕፃን በሚጠባበት ጊዜ ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ይመነጫል። ይህ ሆርሞን ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ ይገፋል፤ በወሊድ ጊዜም ማህፀንን የሚያኮማትረው እርሱ ነው። ስለዚህ «ማጥባት ምጥ ያመጣል» የሚለው ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነገር ግን ሆርሞን ሥራውን የሚሠራው የሚቀበለው ተቀባይ ሲኖር ነው። በማህፀን ጡንቻ ላይ ያሉት የኦክሲቶሲን ተቀባዮች በእርግዝናው መጀመሪያ ጥቂት ናቸው፤ በብዛት የሚጨምሩት መውለጃው ሲቃረብ ነው። እስከዚያው ፕሮጄስትሮን ማህፀኑን ያረጋጋዋል። በመሆኑም ጤናማ በሆነ እርግዝና፣ ሌላ ምግብ የጀመረን ልጅ ማጥባት በራሱ ውርጃ ወይም ያለ ጊዜው መውለድ እንደሚያስከትል አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከፍ ያለ የውርጃ መጠን ያገኘው፣ ከጡት በቀር ሌላ ምግብ ያልጀመረ ሕፃን ሲያጠቡ ባረገዙት እናቶች ዘንድ ነው፤ ሌላ ምግብ የጀመሩ ልጆችን በሚያጠቡት ላይ ይህ አልታየም። ከዚህ ቀደም ያለ ጊዜዋ የወለደች፣ በእርግዝናዋ ደም የሚታያት ወይም መንታ ያረገዘች እናት ግን ማጥባቷን ከመቀጠሏ በፊት ሐኪም ልታማክር ይገባታል።

እንግዲህ ማጥባቱ ምንም ዋጋ አይጠይቅም ማለታችን ነውን? አይደለም። የሚጠይቀው ዋጋ አለ፤ ከፋይዋም በቅድሚያ እናቲቱ ናት። ሕፃኑን በጡት ብቻ የምትመግብ እናት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋታል፤ በእርግዝናዋ የመጨረሻ 3 ወራት ላይ ያለችም ወደ 450። ታላቁ ልጅ ሌላ ምግብ ስለሚበላ የሚጠባው ያነሰ ቢሆንም፣ ሁለቱ ሸክሞች ሲደራረቡ ቀላል አይሆኑም። በጓቲማላ ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት፣ ካጠናቸው እርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ ከማጥባት ጋር የተደራረቡ መሆናቸውን አሳይቷል። በጽንሱ እድገት ላይ ጉልህ ጉዳት አላገኘም፤ የእናቶቹ የስብ ክምችት ግን ቀንሶ ተገኝቷል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እስከ እርግዝናው መጨረሻ ታላቁን ሲያጠቡ ከቆዩ እናቶች የተወለዱት ሕፃናት በመጀመሪያው ወር የጨመሩት ክብደት ከሌሎቹ ያነሰ እንደነበረ ገልጿል። እነዚህ ጥናቶች የሚነግሩን፣ ጥያቄው የወተቱ መበላሸት ሳይሆን የእናቲቱ መመገብ መሆኑን ነው።

የቃላቱ ልዩነት ፍሬ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የተበላሸ ነገር ይደፋል፤ የቀነሰ ነገር ግን ይሞላል። «ወተቱ ተበላሸ» ያለ ቤተሰብ ጡቱን ከልክሎ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። «ወተቱ ቀነሰ» ያለ ቤተሰብ ግን «ታዲያ ምን እንጨምር?» ብሎ ይጠይቃል። ለሕፃኑ ከገንፎው ላይ እንቁላል፣ ምስር፣ ቅባትና የላም ወተት ይጨመርለታል፤ ለእናቲቱም ሳህኗ ይሞላላታል፤ እንስራውንና ጭነቱን ሌላው ይሸከምላታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየበሉ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠቡ ይመክራል። ከወሊድ በኋላም ቀጣዩ ፅንስ ቢያንስ 24 ወራት እንዲቆይ ያሳስባል። ሁለቱ ምክሮች አንድ ላይ ቢተገበሩ ከላይ የተነሣው ጥያቄ በአብዛኛው ባልተነሣ ነበር። ይሁን እንጂ የምታጠባ እናት የወር አበባዋ ሳይመለስ ልትፀንስ እንደምትችል ብዙዎች አያውቁም። ማጥባት እርግዝናን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚከላከለው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት፣ ሕፃኑ ጡት ብቻ ሲጠባና የወር አበባ ሳይመለስ ሲቀር ብቻ ነው።

እናቲቱ ደክማ ወይም ታምማ ጡት ማስጣል ከመረጠች መብቷ ነው፤ የሚወቅሳትም ሊኖር አይገባም። ነገር ግን ማስጣሉ በእሬት በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ይሁን፤ በየጥቂት ቀኑ አንዱ የማጥቢያ ሰዓት በምግብና በእቅፍ እየተተካ። ማጥባቱን ከቀጠለች ደግሞ፣ ታናሹ ሲወለድ እንገሩ በቅድሚያ የእርሱ ነው፤ ታላቁ ተራውን ይጠብቃል።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን በቤታችን ፊደል ከቆጠሩት ጥቂቶች አንዱ ነን፤ እኅት ወይም የወንድም ሚስት ምክር ስትፈልግ «እስቲ አንተ ተምረሃል፣ ምን ይላል?» ተብለን እንጠየቃለን። በዚያን ጊዜ አያትን ማቃለል አያስፈልግም፤ የታዘቡት ለውጥ እውነት ነውና። የእኛ ድርሻ አንዲት ቃል ማረም ነው፦ «እማማ፣ ወተቱ አልተበላሸም፤ ቀንሶ ነው። እንጨምርላቸው።»