ከናጋድ ወደ አሮጌው ከተማ

ይድረስ፦ ለጅቡቲ ብሔራዊ የቱሪዝም ኤጀንሲ
ግልባጭ፦ ለኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር አክሲዮን ማኅበር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከአዲስ አበባ የሚነሳው ባቡር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ውስጥ ወዳለው ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመረቅ በሁለቱም አገር ደስታ ሆኗል። ናጋድ ግን ከአሮጌው የጅቡቲ ከተማ ይርቃል፤ መንገደኛው ከባቡር እንደወረደ በየጉዳዩ ይበተንና የጅቡቲን የቀድሞ ቤቶች ሳያይ ይመለሳል። ይህ እንዲለወጥ ነው የምጠይቃችሁ።

ቀድሞ ምኒልክ ይባል በነበረው ጁን 27 አደባባይ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ወፍራም ግድግዳቸው፣ ቅስት በረንዳቸውና ባለቀለም የእንጨት መስኮታቸው ሙቀቱን በጥላና በነፋስ ለመመከት የታሰቡ ናቸው። ጥቂት እርምጃ አለፍ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ይገኛል።

ከተማዋ ያደገችው ከቀድሞው የባቡር ሐዲድ ጋር ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለግንባታው ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ እነዚህን ቤቶች ሲያይ የራሱንም ታሪክ ያያል።

ሦስት ነገሮች እንዲደረጉ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ናጋድ ጣቢያ ውስጥ የአሮጌው ከተማ ካርታ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ ይሰቀል፤ ባቡር በሚገባበት ሰዓትም ወደ አደባባዩ የሚወስድ አውቶቡስ ይዘጋጅ።

ሁለተኛ፣ አሮጌዎቹ ቤቶች ይታደሱ፤ እድሳቱም በኖራ ይሁን። ሲሚንቶ የኮራል ድንጋዩን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል፤ ጨውም ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል። አሮጌ ቤት ላይ ውበት ብለን የምንለጥፈው ሲሚንቶ ቀስ እያለ የሚያፈርሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ነዋሪው ይጠየቅ፣ ይጠቀምም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው ሐረር ጀጎል አንዳንድ ቤተሰቦች ባህላዊ ቤታቸውን ለእንግዳ ከፍተው ገቢ ያገኛሉ። ጅቡቲ ውስጥም ፈቃደኛ የሆነ ባለቤት በሩን ይክፈት፤ ክፍያው ለእርሱ ይድረስ፤ ያልፈቀደውን ማንም ደጃፉ ላይ ቆሞ አያስቸግረው።

ቤቶቹ ቆመው ሳሉ ሥራው ቀላል ነው። አንዴ ከፈረሱ ግን ያንን ድንጋይና ያንን እጅ መልሶ የሚያመጣ በጀት የለም። ስለዚህ እድሳቱ ከካርታውም ከአውቶቡሱም ቀድሞ ይጀመር።

ከአክብሮት ጋር፣
የናጋድ መስመር ኢትዮጵያዊ መንገደኛ