አትጎትቷቸው፣ ቁጠሩላቸው

የቤተሰብ ጤና

በዚህ ወር የምናነሳው በብዙ ቤት ያለ፣ ግን ስሙን ጠርተን ብዙም የማናወራለት ሕመም ነው፤ ፓርኪንሰን።

አባታችሁ ከሳሎን ተነስተው ወደ መታጠቢያ ቤት እየሄዱ ነው እንበል። በሩ ጋ ሲደርሱ ድርቅ ብለው ይቆማሉ። እግራቸው ወለሉ ላይ በሙጫ የተጣበቀ ይመስላል። እናንተ ደግሞ ሥራ ረፍዶባችኋል። «አባዬ፣ በል እንጂ፣ ቶሎ!» እያላችሁ እጃቸውን ይዛችሁ ትጎትታላችሁ። ሰውነታቸው ወደ ፊት ይመጣል፣ እግራቸው ግን እዚያው ነው። መውደቅ የሚመጣው እንዲህ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

አባታችሁ ግትር ሆነው አይደለም፣ ሰንፈውም አይደለም። «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍም ልክ አይሆንም። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1817 ጽፎ ካሳወቀ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሴሎች አሉ። ፓርኪንሰን ሲይዝ እነዚህ ሴሎች ቀስ በቀስ እየሞቱ ይሄዳሉ። እኛ ስንራመድ «አሁን ቀኝ፣ አሁን ግራ» ብለን አናስብም፤ እግራችን በልማድ ይሄዳል። ይህን በልማድ የሚሆን እንቅስቃሴ የሚመራው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን ሲያጥረው ሥራው ይዛባል። እርምጃ ያጥራል፣ ክንድ መወዛወዙን ይቀንሳል፣ የእጅ ጽሑፍ ይደቃል፣ ድምፅ ይደክማል። እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሕመምተኞችም ስላሉ መንቀጥቀጥን ብቻ አትጠብቁ።

ደስ የሚለው ግን አንጎል ሌላም መንገድ አለው። ልማዱ ሲከዳ፣ በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ ምልክት ካገኘ እያሰበ መራመድ ይችላል። የነርቭ ሐኪሙ ጄምስ ፐርደን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መራመድ ያቃታቸው ሕመምተኞች ወለል ላይ በአግድም የተሰመሩ መስመሮችን እየተሻገሩ መሄድ እንደቻሉ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የኔዘርላንድ ሐኪሞች፣ ጥቂት እርምጃ መራመድ የሚያቅተው የ58 ዓመት ሰው ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ያለ ችግር ሲነዳ አሳይተዋል። የፔዳሉ መዞር ምት ሳይሆንለት አልቀረም።

ድምፅም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የኮሎራዶ ጥናት፣ ሕመምተኞች በየቀኑ 30 ደቂቃ በሙዚቃ ምት እየተመሩ እንዲራመዱ አደረገ። በ3 ሳምንት የእርምጃ ፍጥነታቸው 25 በመቶ ገደማ ጨመረ።

ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ ለፓርኪንሰን «ካለም ጥሩ፣ ከሌለም ይቅር» የሚባል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሪገን ውስጥ 195 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ለ6 ወር በሳምንት 2 ቀን ታይ ቺ የሠሩት ሕመምተኞች ሰውነት ማፍታቻ ብቻ ከሠሩት ያነሰ እንደወደቁ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሕመሙ ገና የጀመራቸው 128 ሰዎችን ተከታትሏል። በመሮጫ ማሽን ላይ ልባቸው በደንብ እስኪመታ ድረስ ጠንክረው የተራመዱት በ6 ወር ውስጥ የእንቅስቃሴ ችግራቸው ብዙም አልባሰም፤ ይህን ያልሠሩት ግን ባሰባቸው። ስፖርት ሕመሙን አያድንም፣ መድኃኒትንም አይተካም። ከመድኃኒቱ ጎን ግን ቦታ አለው።

ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?

• እግራቸው ሲያዝ አትጎትቱ፣ ከኋላም አትግፉ። ይቁሙ፣ ይተንፍሱ፣ ቀጥ ይበሉ። ከዚያ ክብደታቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያወዛውዙና አንድ ትልቅ እርምጃ ይውሰዱ።

• «ቶሎ በል» ከማለት «ትልቅ እርምጃ» በሉ። ወይም የሚወዱትን ዘፈን ወይም መዝሙር ይዛችሁ አጨብጭቡ።

• ሲራመዱ ወሬ አታስጀምሩ፣ የቡና ሲኒ የተደረደረበት ትሪም አታስይዙ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይከብዳቸዋል።

• ሲዞሩ በአንድ እግር ከመሽከርከር ሰፋ አድርገው ይዙሩ።

• የሚያንሸራትት ምንጣፍና ወለል ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ አንሱ። ሁልጊዜ እግር የሚይዛቸው ቦታ ካለ፣ ወለሉ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር በአግድም መለጠፍ ይጠቅም እንደሆነ ፊዚዮቴራፒስቱን ጠይቁ።

• ስፖርቱን መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት አድርጉት። ከመጀመራቸው በፊት፣ በተለይ የልብ ሕመም ካለባቸው፣ ሐኪም ያማክሩ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ወደ ፊዚዮቴራፒ ይላኩልን፣ ፓርኪንሰን የሚያውቅ ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል» በሉ። መውደቅ እስኪጀምሩ አትጠብቁ። አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚም ጠይቁ። የ10 ዓመት ልጅ የአያቱን ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ከባድ ነው፣ አያትም ልጁ ፊት ሁሉን አይናገሩም።

ልጆች፣ ይሄ የእናንተ ነው! አያታችሁ ድርቅ ብለው ሲቆሙ አትሳቁባቸው። አጠገባቸው ቁሙና ዝግጁ ሲሆኑ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያላችሁ ቁጠሩ፤ የአማርኛ ቁጥራችሁንም ትለማመዳላችሁ። ሌላም ነገር እወቁ፤ ፓርኪንሰን የፊት ጡንቻንም ስለሚይዝ ፊታቸው ፈገግ ላይል ይችላል። ተቆጥተው አይደለም። የነገራችኋቸው ቀልድ ውስጣቸውን እያሳቀው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መንገራችሁን አታቁሙ።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር እንሰንብት።